የጋሼ ልየው ማሟሻ

ጋሼ ልየው ማረፋቸውን የነገረችኝ በርበሬ ሻጭ ናት። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ቆሜ ዛላ እየመረጥኩ ሴትዮዋ ከቡሬ መምጣቷን ስሰማ የአገሩን ወሬ ጠየቅኋት። ስለ ዝናቡ ነገረችኝ፤ ስለ መንገዱ መዘጋትና መከፈት ነገረችኝ፤ ከዚያ ዛላውን ወደ ሚዛኑ እየጨመረች፣ "ያ የብርጭቆው ሰውዬ እኮ አረፉ" አለች።

የትኛው ብዬ አልጠየቅሁም። በቡሬ የብርጭቆ ሰው አንድ ነው።

"መቼ?" አልኳት።

"ኧረ ቆየ። አርባቸውም ሊወጣ ነው። አልሰማሽም እንዴ?"

አልሰማሁም። መንገዱ ሲዘጋ ስልኩም አብሮ ይዘጋና ሞት እንኳ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ተራ ይጠብቃል። በርበሬውን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ተነሣሁ።

አሁን የምሠራው ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቡሬ ላይ የጠርሙስ ስባሪ እለቅም ነበር፤ በጋሼ ልየው ሥራ ቤት። ሥራ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በነቀምት መንገድ ላይ ነው። ከጠጅ ቤቱ፣ ከአረቄ ቤቱና ከሆቴሉ የሚሰበሰበው ስባሪ በጋሪ እየተጫነ ይመጣል። እናጥበዋለን፤ ነጩን ከነጭ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ እንለያለን፤ ጥቂት አሸዋና የሶዳ ዱቄት ታክሎበት እቶን ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል። የገባው የሰካራም ጠርሙስ ነው፤ የሚወጣው ብርሌ፣ የማር ጠርሙስና የፋኖስ ብርጭቆ ነው።

ጋሼ ልየው አዲስ አበባ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ጸጉራቸው ሲሸብት ወደ ተወለዱበት አገር ተመልሰው እቶኑን ከመሠረቱ ጀምረው ያቆሙ ሰው ናቸው። ረጅም ነበሩ፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ያጋደለ። ግድግዳ ሲነኩ በመዳፋቸው አይነኩም። የእጃቸውን ጀርባ ነው የሚያስጠጉ፣ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳብስ። እቶኑን እንዲያ፣ ጭስ ማውጫውን እንዲያ፣ ገና ያልቀዘቀዘውንም ብርሌ እንዲያ። ሰው ቤት ለእንግድነት ተጠርተው እንኳ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነክተው፣ "ይህ ሙቀት እዚህ ብቻውን ምን ይሠራል?" ማለታቸው አይቀርም። ባለቤታቸው እትዬ ስመኝ ያፍሩ ነበር።

የሚባክን ነገር ያማቸዋል። የእቶኑን አፍ ከፍቶ ወሬ የያዘ ሰው ካዩ፣ "በሩን ዝጋው እንጂ፤ ቡሬን ልታሞቃት ነው?" ይሉታል። ብርሌ የሚነፋው ባይነሳኝ አንድ ቀን ከኋላቸው፣ "ጋሼ እኮ ሲተነፍሱም ትንፋሻቸውን ደግመው ሳይጠቀሙበት አይለቁትም" አለ። ሰምተውታል። ዞር ሳይሉ፣ "አንተ ትንፋሽህን ለብርሌ ሰጥተህ የተረፈህን ለሐሜት ታውለዋለህ። እኔ ከአንተ ነው የተማርኩት" አሉት። ያን ቀን ባይነሳኝ ከሳቁ የተነሣ ሁለት ብርሌ አበላሸ።

እኔን የወደዱኝ በአንድ አረንጓዴ ስባሪ ምክንያት ነው። ከጥፍር የማትበልጥ አረንጓዴ ነጩ ክምር ውስጥ ስትገባ አየሁና ክምሩን ሁሉ በትኜ እስክትገኝ ፈለግኋት። ጓደኞቼ ተቆጡ፤ ሥራ ፈታን አሉ። ጋሼ ልየው ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ "ተዉአት። አንዱን አረንጓዴ ያሳለፈ ሁለተኛው ሲያልፍ አያየውም" አሉ። ከዚያ ወዲህ የማታ ትምህርት እንደምማር ሲያውቁ፣ በየጠዋቱ በክምሩ በኩል እያለፉ በስሜ ጠርተው፣ "ባንቺ፣ ትናንት ምን አስተማሩሽ?" ይሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት፣ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንደሚሄድ ተማርን አልኳቸው። "መሄዱንማ አውቃለሁ" አሉ፤ "ምንም ሳይሠራልን እንዳይሄድ ነው የኔ ጭንቅ።"

ያ ጭንቅ ቀልድ አልነበረም። በክረምት ያጠብነው ስባሪ አይደርቅም። እርጥቡንና ቀዝቃዛውን ወደ እቶን ሲጨምሩት ይንጫጫል፣ ይረጫል፣ እሳቱም ይዝላል፤ የዛለውን እሳት ለመመለስ ባሕር ዛፍ በላይ በላዩ መማገድ ነው። እቶን ደግሞ እንደ ቤት ምድጃ አይደለም፤ አጥፍተውት አይታደርም። ከጠፋ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ሆዱ ውስጥ የቀለጠውም ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሌላ እቶን ለማቆም አቅም አልነበረም። እቶኑ ጠፋ ማለት ሥራ ቤቱ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እሑድም ሆነ የታቦት ቀን ሰው በተራ እየተጠራ እንጨት ይፈልጥ፣ ስባሪ ይጨምር ነበር።

የኛ አገር ሰው ደግሞ በዓል ሽሮ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዳንዱ ሥራውን ጥሎ ወደ እርሻው ተመለሰ። ባይነሳኝም አንድ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

"ጋሼ፣ ትናንት በጊዮርጊስ እንጨት ስፈልጥ ልጆቼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝ።"

"ምን አሉህ?"

"ምንም አላሉኝ። እሱ ነው የከፋኝ።"

ጋሼ ልየው ያን ሰሞን መሰላል አስጠግተው ጭስ ማውጫው ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ሰነበቱ። ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው፣ "እንጨቱን እኛ እንፈልጣለን፣ ሙቀቱን ሰማይ ይወስዳል" አሉኝ። "ሰማይ ደግሞ የራሱ ፀሐይ አለው። ምን ጎድሎት?"

ከእቶኑና ከጭስ ማውጫው መካከል ጠባብ የሸክላ ቤት አስገነቡ። ስባሪው ከላይ ይገባል፤ ከእቶኑ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በስባሪው መካከል እየተሽሎከሎከ ያልፋል፤ ከታች ባለችው በር ደርቆና ግሎ ይወጣል። ከዚያ ወደ እቶን። ባይነሳኝ ገና ሲያየው፣ "ይህማ ማሟሻ ነው፤ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ይጋገርበታል?" አለ፤ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ።

ግንበኛው ግድግዳውን ሲዘጋ ቆም ብሎ፣ "ጋሼ፣ ለጭሱ ሌላ ትንሽ መውጫ ብንተውለትስ? ምናልባት ቢታፈን" ብሏቸው ነበር።

"ሌላ መውጫ ካገኘ በዚህኛው መቼ ይሄዳል?" አሉት። "ሰው እንኳ አቋራጭ ካየ በዋናው መንገድ አይሄድም። ዝጋው።"

ዘጋው።

ማሟሻው ሠራ። የገባው ስባሪ አይንጫጫም፣ እሳቱ አይዝልም፤ የእንጨቱ ክምር ቶሎ ማለቁን ተወ። ከሁሉ ይልቅ እሳቱን ለማቆየት አንድ ሰው በቂ ሆነ። ይህን ያወቁ ዕለት ጋሼ ልየው ሁላችንንም ሰበሰቡን። "ከእንግዲህ በበዓል ማንንም አልጠራም" አሉ። "በዋዜማው ማሟሻውን ሞልታችሁ ትሄዳላችሁ፤ በዓሉን እሳቱ ይሠራላችኋል። ስትመለሱ ስባሪው ግሎ ይጠብቃችኋል። ቃሌ ነው።" ሴቶቹ እልል አልን።

አንዱ ሰው ሰይድ ነበር። እንጨት ማገዱ ላይ ከእሱ የሚበልጥ የለም። በክርስቲያን በዓል እሱ ይጠብቃል፤ በኢድ ባይነሳኝ ይተካዋል። "እናንተ ታቦት አንግሡ" ይለን ነበር ሰይድ፤ "እኔ እሳት አነግሣለሁ።"

እንዲህ ሆነን የመጀመሪያው ጥምቀት ደረሰ።

በከተራ ዕለት ሥራ ስንፈታ ማሟሻውን የሞላንበትን መንገድ ዛሬም አስበዋለሁ። የውለታ ጉዳይ ሆነብን። በዓላችንን ለመለሰልን እሳት ባዶ ቦታ ትቶ መሄድ ነውር መሰለን። ስባሪውን ከወትሮው አድቅቀን ወቀጥነው፤ ቶሎ ይግላል ብለን። ሞላነው፤ ከዚያ ባይነሳኝ በግንድ ጠቀጠቀው፤ ሲወርድ ደግሞ ጨመርንበት፤ ጤፍ ጎተራ እንደሚሞላ ገበሬ። ሰይድም እንዳንቀየመው እንጨቱን ሳይሰስት ማገደ። በሥራ ቀን ስባሪው ከታች እየተወሰደ ከላይ እየተጨመረ ስለሚንቀሳቀስ አይጣበቅም። ከከተራ እስከ ሚካኤል ሳይነካ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ግን ያሰበ አልነበረም። እሳቸውም አላሰቡም።

ጥር ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለስ፣ መንገዱ በነጭ ልብስና በጃንጥላ ሞልቶ ሳለ ሰይድን አየሁት። ጥላሸት ለብሶ፣ ከሕዝቡ ፈንጠር ብሎ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሟል። ታቦቱ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ መጥቶ ጋሼ ልየውን፣ "ጋሼ፣ ጭሱ ቆመ" አላቸው።

ጋሼ ልየው ወደ ነቀምት መንገድ አቅጣጫ ቀና ብለው አዩ። ጭስ ማውጫው ላይ ሰማይ ብቻ ነበር። ከጎናቸው የነበሩትን የደብሩን ቄስ፣ "አባ፣ ይፍቱኝ፤ እቶኑ ሊሞትብኝ ነው" አሉ።

"እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ሂድ" አሉ ቄሱ። "ሰዎችህንም ውሰድ፤ በሬ ጉድጓድ ሲገባ በዓል ነው ተብሎ አይተውም።"

"የለም አባ። በዓሉን እሳቱ ይሠራላችኋል ብያቸዋለሁ። ሰውየው ቃል የለውም እንዳይሉኝ።"

ከሰይድ ጋር ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። ስንደርስ ጭሱ ወደ ኋላ ተመልሶ በእቶኑ አፍ ይወጣል፤ እሳቱ ቀልቷል፣ ነበልባል የለውም። ጋሼ ልየው በታችኛዋ በር የብረት መቆስቆሻ ከተው ወጉት። የስባሪ ኮሽታ የለም። አለት እንደ መምታት ነው። ስባሪው ለስልሶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ሆኗል፤ ጭሱ የሚሽሎከሎክበት ቀዳዳ የለም፤ ሌላ መንገድ ደግሞ አልተተወለትም።

የእጃቸውን ጀርባ ወደ ግድግዳው አስጠግተው ቶሎ መለሱት። "ሰይድ፣ ዲጅኖውን አምጣ።"

"ማሟሻውን ሊያፈርሱት ነው?"

"ወይ እሱ ወይ እቶኑ።"

"ባይነሳኝን ልጥራዎ?" አልኩ እኔ።

"የት ነው ያለ?"

"ታቦቱ ፊት ሆ እያለ ነው።"

"ሆ ይበል።"

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጠጋ ስል እጃቸውን ዘረጉብኝ። "አትንኪ። በዓልሽ ነው። ይልቅ ይችን ያዢልኝ።" ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ቆሜ የማየው ያን ጋቢ ታቅፌ ነው። ያስቆሙትን ግድግዳ በገዛ እጃቸው በዲጅኖ ከጎኑ ናዱት። ሸክላው ሲወድቅ የደቀቀው ብርጭቆ እንደ ዱቄት ከጭሱ ጋር ተነሣ፤ ሰይድ አፉን በሻሽ ሸፍኖ ወደ ኋላ ሲል እሳቸው ወደ ውስጥ ጠልቀው ገቡ። ሲመቱ፣ ሲያስሉ፣ ደግሞ ሲመቱ እሰማለሁ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ አለቱ ተሰንጥቆ ተንሸራተተና ጭሱ መንገድ አገኘ፤ እቶኑ ውስጥ ነበልባል ብድግ አለ። ከከተማው በኩል እልልታ ይሰማል፤ ታቦቱ ወደ መንበሩ እየገባ ነበር።

ጋሼ ልየው ከፈረሰው ሸክላ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ስዘረጋላቸው እጃቸውን አይተው፣ "ነጭ ነው፤ ይቆይ" አሉኝ።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ሲመጣ ፍርስራሹን አየ። ባይነሳኝ ዲጅኖውን አንሥቶ መልሶ ጣለው። "ለምን አልጠሩንም? የጠቀጠቅነው እኛ ነን።"

"እናንተማ ሞላችሁ። መውጫ የነፈግሁት እኔ ነኝ" አሉት።

ማሟሻው እንደገና ተሠራ። በዚህኛው ጊዜ ለጭሱ ሁለተኛ መንገድ ተተወለት፤ ትንሽ የብረት መዝጊያ ያለው። መዝጊያው ሲከፈት ጭሱ ማሟሻውን ሳይነካ በቀጥታ ይወጣል። በበዓል እሱን ከፍቶ፣ ማሟሻውን ባዶ አድርጎ መሄድ ይቻል ነበር። ይህንኑ ብላቸው፣ እንጀራ ጭቃ ላይ ጣዪ ያልኳቸው ያህል ነው የተመለከቱኝ። "ከከተራ እስከ ሚካኤል? ያ ሁሉ ሙቀት?" አሉ።

ታዲያ ማሟሻው በበዓልም እየሞላ እንዲቀጥል፣ እንዳይጣበቅም የሚያማስለው ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው እሳቸው ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሥራ በሚፈታበት በዓል ሁሉ፣ ነጭ ልብሳቸው ላይ የሥራ ካፖርታቸውን ደርበው፣ መቆስቆሻውን ይዘው ማሟሻው ሥር ይቆማሉ። ከበሩ ሆነው ጃንጥላዎቹ በሩቁ ሲያልፉ ያያሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይሳለማሉ፤ ወደ ስባሪው ይመለሳሉ። ያ ሳል ከሚካኤል ዕለት ጀምሮ አልለቀቃቸውም ነበር። መጀመሪያ ቆመው ያማስሉ ነበር፤ በኋላ በርጩማ አስቀመጡ፤ አማስለው ይቀመጣሉ፣ ተነሥተው ያማስላሉ።

ሰይድ፣ "ይተዉት ጋሼ፣ እኔ አማስለዋለሁ" ሲላቸው፣ "አንተ እሳቱን ይዘሃል። ሁለቱን አንድ ሰው አይችለውም" ይሉታል። ባይነሳኝ፣ "አንድ ጥምቀት እንኳ ለኔ ይተዉልኝ" ብሎ እግራቸው ላይ ወድቋል። "ቃል ገብቼልህ ነበር፤ ታስዋሸኛለህ?" አሉት። እትዬ ስመኝ በየቤቱ፣ "ታቦት ሳያይ አረጀ" እያሉ ያለቅሱ ነበር። ኩራት ይሁን ንስሐ ብዙ ጊዜ ለመለየት ሞክሬአለሁ። እንደ ስባሪው በቀለም የሚለይ አልሆነልኝም።

ፍኖተ ሰላም ሥራ አግኝቼ ስሰናበታቸው ለምክር አልተቀመጡም። "ቤተ መጻሕፍቱ ፀሐይ በየት በኩል ይገባለታል?" ብለው ጠየቁኝ። በምሥራቅ አልኳቸው። "እንግዲያው ጠዋት እዚያ አንብቢ፤ ከሰዓት ሌላ ሥራ ሥሪ።" እንዲያ እያደረግሁ ነው።

ቡሬ ስደርስ በመጀመሪያ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ስመኝ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ አለቀስኩ። ቀብሩ ላይ ባለመገኘቴ ይቅርታ ስጠይቅ፣ "መንገድ ተዘግቶብሽ ነው፤ እናውቃለን" አሉኝ። ቤቱ ከፍታ ላይ ነው፤ ከጋሼ ልየው አልጋ ትይዩ ባለችው መስኮት የሥራ ቤቱ ጭስ ማውጫ ይታያል።

ከዚያ ወደ ሥራ ቤቱ ወረድኩ። ሰይድ ማገዶ ክምሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጺሙ ሸብቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ ሲከነክነኝ ነበርና ጠየቅሁት።

"ሰይድ፣ የቀብራቸው ዕለት ማሟሻው ላይ ማን ቀረ?"

"ከመሞታቸው በፊት አስጠሩኝ" አለ። "ድምፃቸው አይሰማም፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። 'ማሟሻውን አራግፈው' አሉኝ። 'በሥራ ቀን፣ ጋሼ?' አልኳቸው። 'አዎ። መዝጊያውንም ክፈተው' አሉኝ። 'ሙቀቱ እኮ በከንቱ ይሄዳል' አልኳቸው። አስቢው ባንቺ፤ እኔ ነኝ ይህን የምለው፣ ለሳቸው።"

"ምን አሉህ?"

"'ይሂድ' አሉ። 'ሰሞኑን ሁላችሁም የምትወጡበት ቀን ይመጣል። የዚያን ዕለት ማሟሻ ላይ የሚቀር ሰው እንዳይኖር። አንተም። ትልልቁን ግንድ አግባና ውጣ፤ እስክትመለስ ያቆይልሃል' አሉኝ። ወጥቼ አራገፍኩት። መዝጊያውንም ከፈትኩት።"

"አቆየልህ?"

"ከቀብር ስንመለስ እሳቱ እንዳለ ነበር።"

ስንት ቀን ክፍት እንደቆየ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ።

"ቶሎ አልሞቱም እኮ" አለ። "እኛ እርጥቡን ስባሪ እንደ ድሮው እየጨመርን፣ እንጨቱን እንደ ድሮው እየፈጀን ሰነበትን። ጭሱ ሽቅብ እንደ ጉድ ይወጣል። መስኮቷን አይተሻት የለ? ያን ሁሉ ቀን ሲሄድ ያዩታል። ዝጉት አላሉም።"

ከውስጥ፣ ከማሟሻው በኩል፣ ባይነሳኝ ሲያስል ተሰማ፤ ሰይድ ተነሥቶ እንጨት ወደ እቶኑ ወሰደ።